«የማን ዜጋ ነህ?»፦ ከበርበራ እስከ ካርዲፍ የዘለቀ ጥያቄ

ለሽርሽር በትልቅ መርከብ የሚሳፈር የዘመናችን መንገደኛ ወደ ወደቡ የመመዝገቢያ መስኮት ሲቀርብ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ፓስፖርቱን ነው። አንድ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው ሰጥቶ ያልፋል። ሁለት የያዘ ግን ጥቂት ማመንታቱ አይቀርም። ትኬቱ በአንዱ ፓስፖርት ስም ተቆርጦ ቪዛው በሌላው ላይ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። መርከቡም በአንድ ሳምንት ውስጥ በአራትና በአምስት አገር ወደቦች ስለሚቆም፣ ለአንደኛው ወደብ የሚመቸው ወረቀት ለሌላው ላይመች ይችላል። መዝጋቢው ግን በተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ የሚያሰፍረው አንድ ዜግነት ነው። መንገደኛው በዚያች ደቂቃ ከሁለት ማንነቱ አንዱን መርጦ ያቀርባል።

ይህ ጥያቄ ለሀብታም ሽርሽረኞች አዲስ መስሎ ይታይ ይሆናል። ለሐርጌሳና ለአካባቢዋ ሕዝብ ግን አዲስ አይደለም። የጋአን ሊባህ ነዋሪ እንደሚያውቀው፣ አንዱ ወንድም በእንግሊዝ፣ ሌላው በኢትዮጵያ፣ ታናሹ ደግሞ በሶማሌላንድ ፓስፖርት የሚጓዙበት ቤተሰብ በከተማዋ ብርቅ አይደለም። የወረዳው ስም በሶማልኛ የአንበሳ እጅ ማለት ሲሆን በጎሊስ የተራራ ሰንሰለት ላይ ካለው ተራራ ስም ጋር አንድ ነው። ከዚያ ተራራ ባሻገር በስተሰሜን የበርበራ ወደብ አለ፤ ከበርበራ ማዶ ደግሞ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ተሻግሮ ዓደን ይገኛል። የዚህ አገር ሰው «የማን ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ከመርከብ መሰላል ሥር ቆሞ መመለስ የጀመረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። የተጠየቀውም ለመዝናናት ሲሄድ ሳይሆን እንጀራ ፍለጋ ሲሰደድ ነበር።

የነገሩ ሥር ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ይጀምራል (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እንግሊዝ ከ1884 እስከ 1886 ከሰሜን ሶማሌ ጎሳዎች ጋር በተናጠል ውል ተዋዋለች፤ በ1887ም አገሩን የሞግዚት ግዛቷ አድርጋ አሳወቀች። ሞግዚትነት ማለት በሕግ ቋንቋ ቅኝ ግዛት ማለት አይደለም። የቅኝ ግዛት ተወላጅ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ ሲባል፣ የሞግዚት ግዛት ተወላጅ ግን «ከለላ የተሰጠው ሰው» ብቻ ነው። ለግመል ጠባቂው ይህ ልዩነት ምንም አልነበረም፤ በኋላ ለባሕረኛው ልጁ ግን የእንጀራ ጉዳይ ሆነ።

ሁለተኛው መስመር የተሰመረው በ1897 ነው። ሬነል ሮድ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ አዲስ አበባ ገብቶ ግንቦት ወር ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ፤ የወሰኑ ዝርዝር ደግሞ በሰኔ ወር ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር በደብዳቤ ልውውጥ ጸደቀ። የወሰኑ መስመር የሰሜን ጎሳዎች ከዘላን ዘመን ጀምሮ ከብት የሚያሰማሩበትን የሐውድን ሰፊ ግጦሽ ለሁለት ከፈለው። ውሉ ግን የሚያሳልፍ በር ነበረው፦ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች ተሻግረው ማሰማራትና በቅርብ ወዳለ የውኃ ጉድጓድ መድረስ ይችላሉ፤ በተሻገሩ ጊዜ ግን በደረሱበት አገር ሥልጣን ሥር ይሆናሉ። አፄ ምኒልክም በወሰኑ ምክንያት ወደ ኢትዮጵያ የሚካተቱ ሶማሌዎች በመልካም እንደሚያዙ ማረጋገጫ ሰጥተዋል። እንግዲህ አንድ ሰው በዝናም ወራት የአንዱ፣ በበጋ የሌላው ሆኖ እንዲኖር በወረቀት ተፈቀደለት ማለት ነው። ድርብ ዜግነት የሚለው ቃል ገና ባልተለመደበት ዘመን ነገሩ ራሱ በግመል እግር ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር። ጎሳዎቹ ግን ይህ ሁሉ ሲጻፍ በፊርማው ቦታ አልነበሩም።

በከተማ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በ1908 ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር የተፈራረመችው በተደራዳሪው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ የፈረንሳይ ዜጎችና በፈረንሳይ ከለላ ሥር ያሉ ሰዎች ሲከሰሱ ቆንስላቸው በፍርዱ ውስጥ ድርሻ እንዲኖረው አደረገ። ሌሎች መንግሥታትም ያው መብት ይገባናል አሉ። ከዚያ በኋላ በሐረር፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የግሪክ፣ የአርመን፣ የዓረብና የህንድ ነጋዴ ሁሉ «በማን ከለላ ነህ?» መባሉ ትርጉም ያለው ጥያቄ ሆነ። ከቦምባይ መጥቶ በሐረርና በአዲስ አበባ ትልቅ ንግድ ያቋቋመው የመሐመድ አሊ ኩባንያ ባለቤቶች ለምሳሌ የእንግሊዝ ተገዢዎች ነበሩ። ከበርበራ ወደ ሐረር የሚወጣ ሶማሌ ነጋዴም በገበያ ላይ እንደ አገሬው ሰው ሲኖር፣ ክርክር ሲነሳ ግን የእንግሊዝን ከለላ መጥራት የሚችልበት ምክንያት ነበረው። ለኢትዮጵያ መንግሥት ይህ የሉዓላዊነት ቀዳዳ ነበር፤ አንድ ሰው አገሬው ነው ወይስ ባዕድ የሚለውን ቆንስሎች እንዲወስኑለት የሚፈልግ መንግሥት የለምና። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የተጻፈው በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። የሕጉ አንደኛ አንቀጽ አጭርና ግልጽ ነው፦ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ ኢትዮጵያዊ ነው። እናትን ከአባት እኩል ማስገባቱ ለዘመኑ የሚደነቅ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ብዙ የአውሮፓ ሕጎች የአባትን መስመር ብቻ ይከተሉ ነበርና።

አሁን ወደ ባሕሩ እንመለስ። እንግሊዞች ዓደንን በ1839 ከያዙ በኋላ፣ በተለይም የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት፣ ወደቡ የእንፋሎት መርከቦች ከሰል የሚጭኑበት ታላቅ ጣቢያ ሆነ። የበርበራና የአካባቢው ሰው በግና ፍየል ይዞ ወደ ዓደን ይሻገር ነበር፤ ቀስ በቀስም ወጣቶቹ እዚያው ቀርተው በመርከብ ሆድ ውስጥ እሳት አንዳጅነት ተቀጠሩ። ሥራው ከባድ ነበር፤ ከማሞቂያው ፊት ቆሞ በአካፋ ከሰል መወርወር፣ አመድ መዛቅ፣ በቀይ ባሕር ሙቀት ላይ የእሳት ሙቀት መጨመር ነው። ዓደን ላይ የተቀጠረ ሰው የሚከፈለው ካርዲፍ ላይ ከተቀጠረው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ብዙዎች እስከ እንግሊዝ አገር ተጉዘው እዚያ ውል መፈረምን መረጡ። በካርዲፍ፣ በሳውዝ ሺልድስ፣ በሊቨርፑልና በምሥራቅ ለንደን የሶማሌ ማደሪያ ቤቶች የተከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ባሕረኞች አንዱ ኢብራሂም ኢስማኢል ነው። ኢብራሂም የሕይወት ታሪኩን በ1928 በእንግሊዝኛ ጽፎ ትቷል። ጽሑፉ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሳይታተም ቆይቶ በ1977 ለኅትመት ያበቃው ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በሚገባ የሚያውቁት የታሪክ ሊቅ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበር። ኢብራሂም በሰኔ 1919 የካርዲፍ ነጮች በጥቁር ባሕረኞች ላይ በተነሡበት ሁከት ጊዜ በከተማዋ ነበረ። ጦርነቱ አልቆ ነጭ ወታደሮች ሲመለሱ ሥራ ጠፋ፤ በጦርነቱ ዘመን ሰጥመው ከሚቀሩ መርከቦች ላይ ከሰል ሲወረውሩ የነበሩት ሰዎች በአንድ ጊዜ «ባዕዳን» ተባሉ።

የባዕድነቱ ጥያቄ በሕግ መልክ የመጣው በመጋቢት 1925 ነው። የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ባወጣው ልዩ ትእዛዝ መሠረት፣ ባለ ቀለም የሆነና የእንግሊዝ ዜግነቱን በሰነድ ማስረዳት የማይችል ባሕረኛ ሁሉ ወደብ ላይ ሲደርስ ያለ ኢሚግሬሽን ሹም ፈቃድ መውረድ አይችልም፤ ከወረደም ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ በባዕድነት መመዝገብ አለበት። ትእዛዙ በመጀመሪያ በተወሰኑ ወደቦች፣ ከ1926 ወዲህ ደግሞ በመላ አገሪቱ ተሠራበት። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው፦ የባሕረኛ ሰው ዋና ሰነድ የአገልግሎት ደብተሩ ነበር፤ መርከቡ፣ የተቀጠረበትና የተሰናበተበት ቀን፣ ጠባዩ ሳይቀር የተመዘገበበት ደብተር። ይህ ደብተር ግን ለዜግነት ማስረጃነት አይበቃም ተባለ። ፓስፖርት ደግሞ በዚያ ዘመን እሳት አንዳጅ ቀርቶ ብዙ ነጭ ባሕረኛም አይዝም ነበር። ነጩን ግን ማንም አልጠየቀውም።

በሕጉ ፊት ባሕረኞቹ በሁለት ተከፈሉ። ዓደን ከተማ ውስጥ የተወለደ ሰው የእንግሊዝ ተገዢ ነው፤ ዓደን እስከ 1937 በህንድ መንግሥት በኩል ትተዳደር ነበር፣ ከዚያም የዘውድ ቅኝ ግዛት ሆነች። በርበራ ወይም ሐርጌሳ የተወለደው ደግሞ ከለላ የተሰጠው ሰው ነው፤ ሕጉ ጠበቅ ተደርጎ ሲነበብም ተገዢ ያልሆነ ሁሉ ባዕድ ይባል ነበር። ሁለቱ ሰዎች የአንድ አያት ልጆች፣ በአንድ ማደሪያ ቤት የሚያድሩ፣ በአንድ መርከብ የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «የት ተወለድክ?» ሲባል «ዓደን» ብሎ መመለስ ጥበብ ሆነ። የልደት መዝገብ በሌለበት አገር የተወለደ ሰው እውነቱን ቢናገርም ሆነ ባይናገር ማስረጃው ያው ቃሉ ነበር። ሹማምንቱም ይህን ስለሚያውቁ እውነተኛውን የዓደን ተወላጅ ሳይቀር ይጠራጠሩ ጀመር። በዚህ ነገር ባሕረኛውን ውሸታም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እውነት የተናገረውን ሰው ከሥራ የሚያስወጣ ሕግ ማንን እውነተኛ ያደርጋል?

የካርዲፍ ፖሊስ በትእዛዙ አፈጻጸም ስሙ ገነነ። በሰነድ የእንግሊዝ ተገዢ የሆኑ ሰዎችን ጭምር በባዕድነት መዝግቦ የባዕድ መታወቂያ እንዲይዙ አደረገ። ይህ መታወቂያ በኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ብቻ አልነበረም። በ1935 የወጣው የመርከብ ድጎማ ሕግ መንግሥት የሚደግፋቸው መርከቦች የእንግሊዝ ባሕረኞችን እንዲያስቀድሙ ስላዘዘ፣ የባዕድ መታወቂያ ያለው ሁሉ ከመርከብ መሰላል ሥር ተመለሰ። ሐኪሙ ሃሮልድ ሙዲ በ1931 በለንደን ያቋቋሙት የባለ ቀለም ሕዝቦች ማኅበር በዚያው ዓመት ጉዳዩን በካርዲፍ ከተማ አስመርምሮ ይፋ አወጣው። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሰዎች ዜግነታቸው ተመለሰላቸው፤ ለሞግዚት ግዛት ተወላጆችም የተለየ የዜግነትና የማንነት የምስክር ወረቀት ይሰጥ ጀመር። ትእዛዙ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ዳግመኛ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ዳግመኛም እሳት አንዳጅ ያስፈልጋት ነበር።

በዚሁ ዘመን በየብስ በኩል ያለው ጥያቄም አልተኛም። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሐውድና ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆዩ። ኦጋዴን በ1948 ሲመለስ፣ ሐውድ ደግሞ በኅዳር 1954 ለንደን ላይ በተፈረመው ስምምነት ከየካቲት 1955 መጨረሻ ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ስምምነቱ የ1897ቱን የግጦሽ መብት አጸና። የሐርጌሳ ሰዎች ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አዩት፤ ሱልጣኖችና ማይክል ማሪያኖን የመሰሉ የፖለቲካ ሰዎች ወደ ለንደንና ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሄደው አቤት አሉ። አቤቱታው ስለ መሬት ይባል እንጂ በውስጡ ስለ ዜግነት ነበር፦ ሐውድ ላይ ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ለማን ይገብራል? በማን ዳኛ ይዳኛል? ማንስ ስለ እርሱ ይናገራል? አዲስ አበባ በበኩሏ የምትመልሰው ቀላል ነበር፤ መሬቱ የኢትዮጵያ ከሆነ ሰውም ኢትዮጵያዊ ነው የሚል። ሶማሌላንድ በጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ወጥታ ከአምስት ቀን በኋላ ከደቡቡ ጋር ስትዋሐድም፣ ኢትዮጵያ የግጦሽ መብቱ ከእንግሊዝ ጋር አብሮ እንደቀረ አስታወቀች። ለ63 ዓመት የቆየው በር ተዘጋ።

ያ የነጻነት ቀን በካርዲፍም ዋጋ ነበረው። ከለላ የነበረው ሰው ከለላው ቀረ፤ አዲሱ የሶማሌ ሪፐብሊክ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነ የእንግሊዝን ዜግነት አስቀድሞ ያልያዘ ባሕረኛ በአንድ ሌሊት የውጭ አገር ሰው ሆነ። ሪፐብሊኩ በታኅሣሥ 1962 ያወጣው የዜግነት ሕግ ደግሞ ሶማሌ ማለት በዘር፣ በቋንቋ ወይም በባህል የሶማሌ ብሔር አባል የሆነ ሰው ነው አለ፤ ሌላ ዜግነት ያለው ግን እንዲተው ጠየቀ። የጅጅጋ ተወላጅ ስለዚህ በ1922ቱ ሕግ ኢትዮጵያዊ፣ በ1962ቱ ሕግ ደግሞ በሞቃዲሾ በር ላይ የሚጠበቅ ሶማሌ ሆነ። ሁለት መንግሥታት አንድን ሰው «የኔ ነው» ሲሉ ሰውየው ሁለት መብት ያገኘ ሊመስል ይችላል፤ በተግባር ያገኘው ግን የሁለቱንም ጥርጣሬ ነበር። በ1977 እና በ1978 የተካሄደው ጦርነት ይህን በሚገባ አሳይቷል።

ከአሥር ዓመት በኋላ ታሪክ ተገለበጠ። በግንቦት መጨረሻ 1988 የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ቡርዖንና ሐርጌሳን ባጠቃ ጊዜ የሲያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ አፈራረሳት። ሕዝቡም በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሐርቲሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ነበር፣ የተዘጋውም በ2004 ነው። አያቶቻቸው የግጦሽ ወረቀት ይዘው የተሻገሩትን መስመር የልጅ ልጆች ያለ ምንም ወረቀት ተሻገሩት። ዛሬ በሐርጌሳ አማርኛ የሚናገር ጎልማሳ ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ ቋንቋውን የቀሰመው በዚያ የስደት ዘመን ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ያሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሊሄዱ የተነሡት ሌላ ግድግዳ ጠበቃቸው። እንግሊዝ ከጦርነቱ አንድ ዓመት ቀደም ብላ በ1987 ባወጣችው የአጓጓዦች ተጠያቂነት ሕግ፣ በቂ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ያመጣ አየር መንገድ ወይም መርከብ በእያንዳንዱ ሰው 1,000 ፓውንድ እንዲከፍል ተደንግጎ ነበር፤ በ1991 ቅጣቱ 2,000 ሆነ። የመርከቡና የአውሮፕላኑ መዝጋቢ ፓስፖርት አገላብጦ የሚያጠናው ከዚህ ወዲህ በበለጠ ጥንቃቄ ነው፤ የኩባንያው ገንዘብ አለበትና። በ1925 የወደብ ሹሙ ይሠራው የነበረው ሥራ ወደ ትኬት ቆራጩ ተላለፈ ማለት ነው። ዛሬ የሽርሽር መርከብ መዝጋቢ ሁለት ፓስፖርት ላለው መንገደኛ «የትኛውን ነው የምታስመዘግበው?» ብሎ የሚያስጨንቀው ከተፈጥሮ ክፋቱ የመጣ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የወጡት ሁለት ሕጎች ለአማርኛ አንባቢው የሐርጌሳ ነዋሪ ቅርብ ናቸው። አንደኛው ሶማሌላንድ በ2002 ያወጣችው የዜግነት ሕግ ቁጥር 22 ነው። ሕጉ ዜጋ የሚለው በጁን 26 ቀን 1960 እና ከዚያ በፊት በአገሩ ይኖሩ ከነበሩ ሰዎች በአባት በኩል የተወለደውን ነው። ቀኑ በሐርጌሳ የአንድ ወረዳ ስም ጭምር ስለሆነ ማንም አይስተውም፤ የሚያስቸግረው «በአባት በኩል» የሚለው ነው። ሌላ ፓስፖርት መያዝን ግን ይህ ሕግ አይነቅፍም፤ ከግማሽ በላይ ታሪኩ በስደት የተጻፈ አገር ሊነቅፈውም አይችልም።

ሁለተኛው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ነው። አዋጁ የ1922ቱን መሠረት ጠብቆ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ዜግነት ይላል፤ በሌላ በኩል ግን ድርብ ዜግነትን አይቀበልም። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። ሳይጠይቅ በሕግ ኃይል ሌላ ዜግነት የመጣበት ሰው እንኳ በዚያ ዜግነት መብት መገልገል ከጀመረ እንደተወ ይቆጠራል። እንግዲህ አንድ ወጣት በወደብ መስኮት ላይ ከሁለት ፓስፖርት አንዱን ሲያነሳ ለመርከቡ ብቻ መልስ መስጠቱ አይደለም። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነገሩን ለማለዘብ የመጣ ነው፤ እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ ኢትዮጵያዊ የነበረለት የውጭ ዜጋ ልዩ መታወቂያ ይዞ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ፈቃድ እንዲኖርና እንዲሠራ አስችሎታል። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያና በውጭ ጉዳይ መሥራት ግን አልተፈቀደለትም።

በጋአን ሊባህ ወይም በሌላው የሐርጌሳ ሰፈር ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሶማሌላንዳዊ አባት የተወለደ ልጅ እነዚህን ሁለት ሕጎች በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ያድጋል። በአባቱ ሶማሌላንዳዊ፣ በእናቱ ኢትዮጵያዊ ነው። ወላጆቹ ተገላብጠው አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ሶማሌላንዳዊት ቢሆኑ ደግሞ በተወለደበት ከተማ ያለው ሕግ የሚከተለው የአባቱን መስመር ነው። የኢትዮጵያው አዋጅ በትውልድ ሁለት ዜግነት ላገኘ ልጅ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ለማቆየት መምረጡን ካላስታወቀ በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ይህን ለማስታወቅ የሚጠራው ደብዳቤ የለም፤ ወላጅ ካልነገረው ከአሥራ ስምንት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባለው ጊዜ ልጁ የሚያስበው ስለ ፈተናና ስለ ሥራ ነው፣ ወይም ወደ በርበራ ወርዶ ስለ መሻገር።